በዓመት 40 ፓውንድ፦ ሴትና ጋብቻ በእንግሊዝ ክላሲክ ልብ ወለዶች

በጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» መጀመሪያ ላይ ዳርሲ የተባለ ወጣት ወደ ጭፈራ አዳራሽ ይገባል። ስለ ቁመናው ጥቂት ይወራል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን በዓመት 10,000 ፓውንድ ገቢ እንዳለው አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል። ጓደኛው ቢንግሊም እንደዚሁ ነው። ገና መልኩን ሳናየው በዓመት 4,000 ወይም 5,000 ፓውንድ እንደሚያገኝ የመጽሐፉ ጀግና የኤሊዛቤት እናት ሚሲስ ቤኔት ነግራናለች።

ታሪኩን በፊልም ብቻ የሚያውቁ ሰዎች የፍቅር ታሪክ ነው ይላሉ፤ አልተሳሳቱም። ይሁንና ገንዘቡን እየዘለለ ፍቅሩን ብቻ የተከተለ አንባቢ መጽሐፉን በግማሽ ነው ያነበበው። በዚያ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት፣ እንግሊዝ ውስጥ ከደህና ቤተሰብ የተወለደች ሴት የምታድርበትን ቤትና የዕለት እንጀራዋን የሚወስንላት ጋብቻ ነበር። ስታገባ ደግሞ ከዚያ ወዲያ በራሷ ስም ውል የመዋዋል መብት አይኖራትም። ከኦስተን እስከ ጆርጅ ኤልየት ድረስ ያሉት ትልልቅ ልብ ወለዶች ጭንቀት የሚመነጨው ከዚህ ነው። የፍቅሩንም ክብደት በትክክል የሚያሳየን ይኸው ሕግ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው። በእነዚህ መጻሕፍት የወንዶች ሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በዓመት ገቢ ነው፤ ሀብታቸው መሬት ስለሆነና መሬቱ በየዓመቱ ከሚያርሱት ተከራዮች ገንዘብ ስለሚያስገባ። የሴቶች ሀብት ግን የሚነገረው በአንድ ድምር ነው፤ «10,000 ፓውንድ አላት» ይባላል። ያ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት የብድር ሰነድ ላይ ተቀምጦ ከመቶ 4 ወይም 5 ወለድ ያስገኛል። እንግዲህ 10,000 ፓውንድ ያላት ሴት የዓመት ገቢዋ 400 ወይም 500 ነው ማለት ነው። ኦስተን ይህን ስሌት ቁጭ ብላ አታስረዳም፤ የዘመኗ አንባቢ በቃሉ ያውቀዋልና።

መሬቱ ለምን ለሴት ልጅ አይደርስም? የእንግሊዝ ባለርስቶች ትልቁ ፍርሃት የርስቱ መቆራረስ ነበር። ልጆች ሁሉ እኩል ከተካፈሉት በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ የቤተሰቡ ታላቅነት ያበቃል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ርስቱ ሳይቆረስ ለበኩሩ ወንድ ልጅ እንዲያልፍ ያደርጋሉ፤ ይህም አልበቃ ብሏቸው ገና ላልተወለዱ ወራሾች ጭምር በሰነድ ያስሩታል። እንዲህ የታሰረ ርስት የያዘ ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠቀምበታል እንጂ አይሸጠውም፤ ለወደደው አያወርሰውም። የቤኔት ቤተሰብ የሚኖርበት ሎንግቦርን በዓመት 2,000 ፓውንድ ያስገባል፤ ግን በወንድ መስመር ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ነው። ሚስተር ቤኔት አምስት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የለውም። በሞተ ማግስት ቤቱም መሬቱም ለሩቅ ዘመዱ ለሚስተር ኮሊንስ ያልፋል፤ ሚስቱና ልጆቹም ኮሊንስ ባሰኘው ቀን ከቤቱ ይወጣሉ።

ሚሲስ ቤኔት በየምዕራፉ የሚሳቅባት እናት ናት። ትጮኻለች፤ ነርቬ ተነካ ትላለች፤ ልጆቿን ለመዳር ያላትን ጥድፊያ መደበቅ አታውቅበትም። እኔ ግን ለእሷ መከራከር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት የቤተሰቡን ሂሳብ ከልቧ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ባሏ ሲያገባት ገንዘብ ማጠራቀም አስፈላጊ ሆኖ አልታየውም፤ ወንድ ልጅ መወለዱ አይቀርም ብሎ ነበርና። ያ ልጅ ቢወለድ ኖሮ ለአካለ መጠን ሲደርስ ከአባቱ ጋር ተስማምቶ የርስቱን እስራት በሕግ ማስፈታት ይችል ነበር፤ እናቱና እህቶቹም መጠጊያ ያገኙ ነበር። ልጁ አልመጣም። አባትየው ብልህ፣ የተማረና ቀልድ አዋቂ ስለሆነ አንባቢ ሁሉ ይወደዋል፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከዚያ ሁሉ ገቢ ለልጆቹ ያስቀመጠላቸው የለም። ለሚስቱና ለልጆቹ የቀረው በጋብቻው ውል የተያዘው 5,000 ፓውንድ ብቻ ነው። የእናትየዋ አቀራረብ ያሳፍር ይሆናል፤ ስጋቷ ግን ተጨባጭ ነው።

አሁን የኮሊንስን የጋብቻ ጥያቄ በዚህ ዓይን እንየው። ኮሊንስ የደብር ቄስ ነው፤ ኤሊዛቤት ፊት ቆሞ ማግባት የፈለገበትን ምክንያት በተራ ይዘረዝራል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ደጋፊው ሌዲ ካትሪን «አግባ» ማለታቸው ነው። ቀጥሎ ስለ ገንዘብ ግድ እንደሌለው ይናገርና ወዲያው ገንዘቧን ይቆጥርላታል፦ እናቷ ሲሞቱ የሚደርሳት ከመቶ 4 የሚወልድ 1,000 ፓውንድ ብቻ ነው። በዓመት 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። እምቢ ስትለው አያምናትም። ሴቶች በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይሉም ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ከዚያም ድርሻዋ ትንሽ ስለሆነ ሌላ ጠያቂ ላይመጣላት እንደሚችል ያስታውሳታል።

ንግግሩ ያስቃል፤ ግን ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሆነ ቁጥር የለም። ኤሊዛቤት እሺ ብትል ሎንግቦርን ተመልሶ በቤተሰቡ እጅ ይገባል፤ እናቷና እህቶቿም የሰው እጅ ከማየት ይድናሉ። ስለዚህ እምቢታዋ የራሷን ብቻ ሳይሆን የስድስት ሴቶችን ጣሪያ የሚነካ ውሳኔ ነው። ኦስተን ይህን ታውቃለች፤ ጀግናዋን ትክክል ናት እያለች እንኳ ዋጋውን አትደብቅብንም።

ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ኮሊንስ ወደ ኤሊዛቤት ወዳጅ ወደ ሻርለት ሉካስ ይዞራል፤ ሻርለትም እሺ ትላለች። ዕድሜዋ 27 ነው፤ መልከ መልካም አይደለችም፤ ወንድሞቿ እህታችን ቆማ ቀርታ ዕዳ ትሆንብናለች ብለው ሲሰጉ ኖረዋል። ፍቅር አልፈለገችም፤ የፈለገችው የራሷን ቤት ነው። ኤሊዛቤት በኋላ ልትጠይቃት ስትሄድ አንድ ነገር ያስገርማታል፦ በቤቱ ውስጥ ሰፋ ያለና የተሻለ እይታ ያለው ክፍል እያለ ሻርለት ወደ ጓሮ ባለው ክፍል መዋልን መርጣለች። ምክንያቱ ቆይቶ ይገባታል። የኮሊንስ ክፍል መንገዱን ያያል፤ ሚስቱ የምትውልበት ክፍል ያን ያህል ደስ የሚል ቢሆን ኖሮ ባሏ ከክፍሉ እየወጣ አብሯት ይውል ነበር። ሻርለት ከባሏ የምታርፍበትን ሰዓት በክፍል አመራረጥ አግኝታዋለች። በዚህ ትንሽ ዝርዝር የአንዲት ሴት ዕድሜ ልክ ስምምነት ተጽፏል፤ ኦስተን ሻርለትን አትወቅሳትም፣ አታሞግሳትምም።

ባል ያላገኘች ሴት ምን ይተርፋታል? ወንድም ካላት የወንድሟ ደግነት። በ1811 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በታተመው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ጆን ዳሽውድ እህቶቹን እንዲረዳ ለሟች አባቱ ቃል ይገባል፤ በልቡም ለሦስቱ 3,000 ፓውንድ ሊሰጥ ወስኗል። ከዚያ ከሚስቱ ጋር ይመክራል። 3,000 ብዙ ነው ተብሎ በግማሽ ይቀነሳል። ቀጥሎ ለእናትየዋ በሕይወት እስካለች በዓመት 100 ይሁን ይባላል፤ ሚስቱ ግን በየዓመቱ ቋሚ ክፍያ የሚጠብቁ ሰዎች ቶሎ አይሞቱም ትላለች። እንግዲያውስ አንዳንዴ 50 ፓውንድ ስጦታ ይበቃል። በመጨረሻ ዕቃቸውን በማጓጓዝ ማገዝና ወቅቱ ሲደርስ ዓሣና የአደን ሥጋ መላክ ብቻ ይቀራል። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ ማንም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሦስት ልጃገረዶች ቤሳቤስቲን ሳያገኙ ይቀራሉ። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ ስስት ከተጻፉት ትዕይንቶች ከዚህ የሚበልጥ አላነበብኩም።

ወንድም ካልረዳ ሥራ አለ፤ ለተማረች የደህና ቤተሰብ ልጅ የተከፈተው በር ግን ጠባብ ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥሮ ልጆች ማስተማር። በሻርለት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ጄን ለዚህ ሥራ የምታገኘው በዓመት 30 ፓውንድ ነው፤ ይህም ቀድሞ ታገኝ የነበረው እጥፍ ነው። ከአሠሪዎቿ ጋር በማዕድ እኩል አትቀመጥም፤ ከቤት ሠራተኞቹም ጋር አትመደብም። በኦስተን «ኤማ» ውስጥ ጄን ፌርፋክስ የዚህን ሥራ መቀጠሪያ ገበያ ከሰው ንግድ ጋር እስከማነጻጸር ትደርሳለች።

ኦስተን ይህን ሁሉ የጻፈችው ከሩቅ አይታ አይደለም። በታኅሣሥ 1802 ሃሪስ ቢግ ዊዘር የተባለ የትልቅ ርስት ወራሽ አግቢኝ ሲላት እሺ አለችው፤ በማግስቱ ጠዋት ቃሏን መልሳ ወሰደች። ጋብቻው ቢፈጸም ለእሷም ለእህቷ ለካሳንድራም ዕድሜ ልክ መጠለያ ይሆን ነበር። በ1805 አባቷ ሲሞት እናትና ሁለት ሴቶች ልጆች ወንድሞች በሚያዋጡት ገንዘብ ላይ ወደቁ፤ የሚያርፉበት ቤት በቾተን ያገኙት በ1809 ነው፤ እሱንም የሰጣቸው ከሀብታም ዘመድ ርስት የወረሰው ወንድማቸው ኤድዋርድ ነው። በ1813 የታተመውን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን ለአሳታሚው በ110 ፓውንድ ሸጠችው።

እስካሁን ያየነው ሰርጉ ድረስ ያለውን ነው። ከሰርጉ በኋላ የሚመጣው ሕግ የባሰ ነው። የሕግ ሊቁ ዊልያም ብላክስቶን በ1765 እንደጻፈው ባልና ሚስት በሕግ አንድ ሰው ናቸው፤ የሴትየዋ ሕጋዊ ህልውና በጋብቻው ዘመን ይታገዳል። በተግባር ሲታይ ገንዘቧ፣ ጌጧና የቤት ዕቃዋ የባል ይሆናል፤ መሬት ቢኖራት ገቢውን የሚሰበስበው እሱ ነው፤ ሠርታ ያገኘችው ደሞዝም የእሱ ነው። ብቻዋን መክሰስም መከሰስም አትችልም። ልጆቹ የአባት ናቸው። እኛ ዘንድ ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር የእንግሊዟ ሙሽራ በባሏ ስም መጠራት የወግ ጉዳይ ብቻ ሊመስለን ይችላል፤ ከስሙ በስተጀርባ ግን ይህ ሕግ ነበር።

ሀብታሞች ለሴቶች ልጆቻቸው መውጫ አበጅተው ነበር። ከሰርጉ በፊት በሚጻፍ ውል የልጅቱ ገንዘብ በባለአደራዎች እጅ ይቀመጣል፤ የቻንስሪ ፍርድ ቤትም ይህን ውል ያስከብራል፤ ባልም እንደፈለገ አይነካውም። ሽማግሌዎችና ጠበቆች ከሰርግ በፊት ሳምንታት የሚፈጁት ለዚህ ነው። ከወላጅ ተደብቃ የኮበለለች ልጅ ግን ይህን ውል የሚያስጽፍላት ሰው የላትም። የ1753ቱ የጋብቻ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው በፈቃድ ወረቀት ሲያገባ ወላጅ እንዲስማማ ያስገድዳል፤ ሕጉ ግን በስኮትላንድ አይሠራም፤ ከድንበሩ ማዶ ያለችው መንደር ግሬትና ግሪን የኮበለሉ ጥንዶች መጋቢያ ሆና የታወቀችው በዚሁ ነው። በ«ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ዊካም የተባለው መኮንን የዳርሲን የ15 ዓመት እህት አባብሎ ሊያስኮበልላት የሞከረው 30,000 ፓውንድ ስለነበራት ነው።

ያ ሳይሳካለት ሲቀር የኤሊዛቤትን ታናሽ እህት ሊዲያን ይዞ ይጠፋል፤ እሷ ግን ገንዘብ ስለሌላት ሊያገባት አይቸኩልም። ብዙ አንባቢ ይህን ክፍል የክብር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ክብሩ አለ፤ የአንዷ ስም ሲጠፋ የአራቱም እህቶች የማግባት ዕድል ይዘጋልና። መፍትሔው ግን በገንዘብ የተሠራ ነው። ዳርሲ ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሆነውን የዊካምን ዕዳ ይከፍላል፤ ሌላ 1,000 በሊዲያ ስም በውል ያስይዛል፤ የመኮንንነት ማዕረግም ይገዛለታል። አባትየው በዓመት 100 ፓውንድ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ያሰላና ሊዲያ ቤት ሳለች ከምታስወጣው ጋር ሲተያይ ኪሳራው 10 ፓውንድ እንደማይሞላ ያገኘዋል። ዳርሲ ለኤሊዛቤት ያለውን ፍቅር ከሁሉ በላይ ያሳየን በዚህ ክፍያ ነው፤ ያውም እንድታውቅበት ሳይፈልግ።

የኦስተን መጻሕፍት በሰርግ ያበቃሉ። ከእሷ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሰርጉን አልፈው ወደ ቤት ውስጥ ገቡ። በዚህ ረገድ ከሁሉ ደፋሯ የብሮንቴ እህቶች ታናሽ አን ናት ብዬ አምናለሁ፤ የሚገባትን ያህል ግን አትነበብም። በ1848 በታተመው «ዘ ቴናንት ኦቭ ዋይልድፌል ሆል» ሄለን ሰካራምና አመንዝራ ባል አላት፤ ትንሽ ልጇን ደግሞ መጠጥና ስድብ ያለማምደዋል። ሥዕል እየሠራች በመሸጥ ራሷን ችላ ለመጥፋት ታቅዳለች። ባሏ ማስታወሻዋን አንብቦ ይደርስባታል። ቁልፎቿን ይቀማታል፤ ቀለሟንና ብሩሾቿን ወደ እሳት ይጥላል፤ እሷም ቆማ ሲቃጠሉ ታያለች። በሕጉ መሠረት ያቃጠለው የገዛ ንብረቱን ነው። ቆይታ ልጇን ይዛ ስታመልጥም ሕጉ ከእሷ ጋር አይደለም፤ ስሟን ለውጣ የምትደበቀው ባሏ ካገኛት ልጁን ሊወስድባት ስለሚችል ነው።

ይህ የልብ ወለድ ማጋነን አልነበረም። ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን ከባሏ ስትለያይ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወሰደባት። ባሏ በ1836 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሜልበርንን ከሚስቴ ጋር አመንዝሯል ብሎ ከሰሰ፤ ተረታ። በዚያ ችሎት ስሟ ሲጎድፍ ኖርተን ቀርባ ቃሏን የመስጠት መብት አልነበራትም፤ የጽሑፏን ገቢም ባሏ የእኔ ነው ይል ነበር። እሷ ግን ብዕሯን አነሳች፤ በትግሏም ምክንያት በ1839 እናት ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿን ለማሳደግ ፍርድ ቤት እንድትጠይቅ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ፈቃዱ ምንዝር ለተፈረደባት እናት አይሠራም።

መፋታትስ? እስከ 1857 ድረስ ተፋትቶ ሌላ ለማግባት ለአንድ ጋብቻ ብቻ ተብሎ በፓርላማ የሚወጣ አዋጅ ያስፈልግ ነበር፤ ወጪው ለባለጸጎች ብቻ የሚቻል ነው። በዚያ መንገድ ፍቺ ያገኙት ሴቶች አራት ብቻ ናቸው። የጄን ኤር ጌታ ሮቸስተር ያበደችውን ሚስቱን ሸሽጎ ጄንን ሊያገባ የሞከረው ለዚህ ነው፤ እብደት በሕግ መፋቻ አልነበረም። ጄን ይህን ስትሰማ ትታው ትሄዳለች። ከመመለሷ በፊትም ከአጎቷ 20,000 ፓውንድ ወርሳ ለሦስት ዘመዶቿ አካፍላ 5,000 ለራሷ ይዛለች። ብሮንቴ ጄንን ባዶ እጇን ወደ ሮቸስተር ቤት አልመለሰቻትም። ድሆች ደግሞ የራሳቸው ሕገወጥ መንገድ ነበራቸው፤ ሚስትን በገበያ መሸጥ። ቶማስ ሃርዲ በ1886 «ዘ ሜየር ኦቭ ካስተርብሪጅ»ን የጀመረው የሰከረ ባል በአውደ ገበያ ሚስቱን በአምስት ጊኒ (ከአምስት ፓውንድ ጥቂት በሚበልጥ ገንዘብ) ሲሸጥ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሽያጮች በእንግሊዝ ገጠር በእርግጥ ይፈጸሙ ነበር።

የ1857ቱ ሕግ ፍቺን ወደ ፍርድ ቤት አወረደው፤ ሚዛኑ ግን እኩል አልነበረም። ባል የሚስቱን ምንዝር ካስረዳ ይበቃዋል፤ ሚስት ግን ከምንዝሩ ሌላ ጭካኔን ወይም ጥሎ መጥፋትን የመሰለ ተጨማሪ በደል ማስረዳት አለባት። ይህ ልዩነት እስከ 1923 ቆየ። በጆርጅ ኤልየት ስም የጻፈችው ሜሪ አን ኤቫንስ የዚህ ሕግ ሰለባ ነበረች። ከ1854 ጀምሮ አብራው የኖረችው ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ሚስቱ ከሌላ ወንድ የወለደችውን ልጅ በስሙ አስመዝግቦ ስለነበር በደሉን እንደተቀበለ ተቆጥሮ መፋታት አልቻለም። የኤቫንስ ወንድም አይዛክ አንድም ቃል ሳይጽፍላት ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ። ሉዊስ በ1878 ሞተ፤ በ1880 ጆን ክሮስን በሕግ ስታገባ የአይዛክ የደስታ ደብዳቤ መጣ።

የንብረቱ ሕግ የተለወጠው በሁለት እርምጃ ነው። የ1870ው አዋጅ ያገባች ሴት የሠራችበትን ገንዘብ ለራሷ እንድትይዝ ፈቀደ። በ1883 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የ1882ቱ አዋጅ ንብረት በስሟ እንድትይዝ፣ እንድትዋዋል፣ እንድትከስ አስቻላት።

እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ታዲያ የታተሙበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ታሪኩ የተፈጸመበትንም ዓመት ይመልከት። አን ብሮንቴ የጻፈችው የ1839ኙ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሄለን የምታመልጠው ግን በ1827 ስለሆነ ያ ሕግ አይደርስላትም። የጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች»ም የታተመው በ1871 እና በ1872 ነው፤ ታሪኩ ግን ከ40 ዓመት በፊት የሆነ ነው። በታሪኩ ካሶበን የተባለው ባል በኑዛዜው ሚስቱ ዶሮቴያ እሱ ከሞተ በኋላ ወጣት ዘመዱን ዊል ላዲስሎን ካገባች ያወረሳት ሁሉ እንዲቀርባት ይጽፋል። እሷም የሟቹን ርስት ትታ፣ የራሷን በዓመት 700 ፓውንድ ይዛ፣ ዊልን ታገባለች። በዚያን ጊዜ 700ውን በስሟ የሚጠብቅላት የፓርላማ አዋጅ ገና አልነበረም።